ደብረ ብርሃን ላይ የንጋቱን የብናኝ ቁጥር ያስተካከልነው እንዲህ ነው

ሰሜን ሸዋ ላይ የአየር ብናኝ ለምትለኩ ሁሉ። ደጅ የተከልነው የብናኝ ቆጣሪ ቁጥሩ ሌሊቱን እየወጣ ይሄድና ጉም ባለበት ንጋት ፒኤም 2.5 (ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ደቃቅ ብናኝ መጠን) ጣራ ይነካል። ፀሐይ ሲበረታ ቁልቁል ይወርዳል።

መጀመሪያ የኩበት ጭስ ነው ተባለ። ግን ራት በሚሠራበት ሰዓት ጭሱ እያለ ቁጥሩ አይዘልም። የማሽኑን የአየር መግቢያ አጸዳን፤ ለውጥ የለም። ብናኝን ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚያስቀር ሄፓ ማጣሪያ ገጠምንበት፤ ዜሮ አነበበ። ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ፍንጩን የሰጠን ቢኤምኢ280 የሚባለው ትንሽ የእርጥበት ዳሳሽ ነው። መግቢያው አጠገብ አሰርነው። ቁጥሩ የሚዘለው አንጻራዊ እርጥበቱ ከ85 በመቶ ሲያልፍ ነው። ሰልፌትና ናይትሬት የሚባሉ ጨዎች ያሉበት ብናኝ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ብርሃን አብዝቶ ይበትናል። ማሽኑ የሚቆጥረው በተበተነው ብርሃን ስለሆነ ውሃውንም እንደ ብናኝ ይቆጥረዋል።

መግቢያውን ማሞቅ ሞከርን። ቁጥሩ ወረደ፤ ግን የብናኙ አካል የሆነው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀት ይተናል። ለኬሚስትሪ ሥራ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

የሠራው እርጥበት የሚስበው ሲሊካ ጄል ነው። በሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ መሃል ከወንፊት ሽቦ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ አሳለፍን፤ ዙሪያውን በብርቱካናማው የጄል ፍሬ ሞላነው። አየሩ በመሃል ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ እርጥበቱ ወደ ጎን ይሳባል። እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ወረደ፤ ዝላዩም ጠፋ። ፍሬው እርጥበት ጠግቦ አረንጓዴ ሲሆን አውጥታችሁ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት አድርቁት። ክረምት ላይ ቶሎ ይጠግባል፤ ተለዋጭ ቱቦ ይኑራችሁ።