ብርሃንን በነጭ ቀለም አሳልፎ አንድ ነጥብ ላይ እንዴት መሰብሰብ ይቻላል

ነጭ ቀለም ብርሃንን አይውጠውም፤ ይበትነዋል እንጂ። ብርሃኑ ከጥቃቅን ቅንጣቶች ጋር እየተላተመ አቅጣጫው ይጠፋበታል። በወዲያ በኩል ሲወጣ ዝብርቅርቅ ያለ ነጠብጣብ ብቻ ይታያል። ግን ልብ በሉ፦ ቀለሙ እስካልተነቃነቀ ድረስ ያው ብርሃን ከገባ ያው ነጠብጣብ ነው የሚወጣው። መረጃው አልጠፋም፤ ተደበላልቋል እንጂ። እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ትዌንተ ዩኒቨርሲቲ ኢቮ ቬሌኮፕ እና አላርድ ሞስክ በዚህ ተጠቅመው ብርሃንን በ10 ማይክሮሜትር ገደማ ነጭ ንጣፍ አሳልፈው ሰበሰቡት። ነጥቡ ከአካባቢው 1000 እጥፍ ገደማ ደመቀ። አካሄዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ናሙናውን አዘጋጁ። በቀጭን መስታወት ላይ ነጭ ቀለም በስሱ ቀቡና በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ከሆነ ቅንጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ይገባል።

ቀጥሎ መስመሩን ዘርጉ። ሌዘሩን በሁለት ሌንስ አስፉትና ፌዝ (የብርሃኑ ሞገድ በከፍ ዝቅ ዑደቱ ውስጥ ያለበት ደረጃ) የሚቀይር የፈሳሽ ክሪስታል ሰሌዳ ላይ አሳርፉት። ከሰሌዳው የተመለሰው ብርሃን በማይክሮስኮፕ ሌንስ በኩል ቀለሙን ይምታ። ከቀለሙ ጀርባ ሌላ ሌንስና ካሜራ አስቀምጡ። የሌዘር መነጽር አድርጉ፤ ዓይናችሁን በጨረሩ ከፍታ በፍጹም አታምጡ፤ የሚያብለጨልጭ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ።

አሁን ካሜራው ላይ ነጠብጣቡ ይታያችኋል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ከተለዋወጠ አትቀጥሉ። የሚነቃነቅ ጠረጴዛ፣ የአየር ንፋስ፣ ገና ያልሞቀ ሌዘር፣ አንዱ ነው ጥፋተኛው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሒሳቡ ላይ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ አንድ ነጥብ ምረጡ። ሰሌዳውን ለምሳሌ 1000 ክፍል አድርጉት። የአንዱን ክፍል ፌዝ ከዜሮ እስከ ሙሉ ዑደት በ8 እርምጃ ቀያይሩ፤ በየእርምጃው የነጥቡን ድምቀት መዝግቡ። ድምቀቱ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ ያለበትን ፌዝ ያዙና ወደ ቀጣዩ ክፍል እለፉ። ሁሉም ሲያልቅ የያዛችኋቸውን በአንድ ላይ ጫኗቸው። ሺህ ሰው እንደፈለገው ቢያጨበጭብ ጫጫታ ነው፤ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ግን አዳራሹ ይናወጣል። ሞገዶቹም እዚያ ነጥብ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ነጥቡ በጣም ስለሚደምቅ የካሜራውን የመጋለጫ ጊዜ አሳጥሩ፤ አለበለዚያ ካሜራው ከአቅሙ በላይ ብርሃን ይሞላበትና ልኬታችሁ ይዋሻል። ድምቀቱን የምታነጻጽሩትም ከብዙ ነጠብጣቦች አማካይ ጋር ይሁን። በ1000 ክፍል በንድፈ ሐሳብ የሚጠበቀው ጣሪያ 785 እጥፍ ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ሰሌዳው የታዘዘውን ፌዝ በትክክል መስጠቱን ፈትሹ።

8000 ልኬት በሰከንድ 20 ሲወሰድ ወደ 7 ደቂቃ ይፈጃል። ለደረቀ ቀለም ችግር የለውም። ሕያው አካል ውስጥ ግን ደም ስለሚዘዋወር ነጠብጣቡ በሚሊሰከንዶች ሊቀየር ይችላል። ለዚያ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ መቀያየር የሚችሉ የጥቃቅን መስታወቶች ቺፕ አለ። ካሜራ ከጀርባ ማስቀመጥ በማይቻልበት ቦታ ደግሞ ውስጥ ያለች አንዲት የምታበራ ቅንጣት ትመራችኋለች፤ የእሷን ፍካት እየለካችሁ ታስተካክላላችሁ።

ምስል ለማንሳት ነጥቡን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ወደ ቀለሙ የሚገባውን ብርሃን በጥቂቱ ስታዘነብሉት ከጀርባ ያለው ነጥብም ሳይበታተን አብሮ ይሄዳል። ለ10 ማይክሮሜትር ንጣፍ ይህ የሚሠራው ከ1 ዲግሪ ባነሰ ማዘንበል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ንጣፉን አሳሱ፤ ነጥቡንም ከንጣፉ ትንሽ አርቁት።

በታኙ ነገር ብርሃኑን በሰፊ ማዕዘን ስለሚያመጣው ነጥቡ ከፊት ካለው ሌንስ አቅም በላይ ሊጠብ ይችላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ጋሊየም ፎስፋይድ የተባለ ክሪስታልን ሻካራ ገጽ እንደ ሌንስ ተጠቅመው፣ የሞገድ ርዝመቱ 561 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን እስከ 97 ናኖሜትር የሚለይ የወርቅ ቅንጣቶች ምስል አንስተዋል።