ውሃ ውስጥ የተጣለ የቅርንጫፍ ክምር ዓሣ አልሰበስብ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ቅርንጫፍ አስሮ ከድንጋይ ጋር ውሃ ውስጥ መጣል ቀላል ሥራ ይመስላል። ዓሣ የሚመጣው ግን ክምሩ በተጣለበት ሲረጋ፣ ኦክስጅን ባለው ውሃ ውስጥ ሲቀመጥና ለትንሹም ለትልቁም ዓሣ መተላለፊያ ሲኖረው ነው። አብዛኛው ብልሽት የሚመነጨው ከዛፉ ዓይነት ሳይሆን ከክብደቱና ከቦታው ስለሆነ ፍተሻውን ከእነዚህ ጀምሩ።

ክምሩ ይንሳፈፋል፣ ወይም ከተጣለበት ተነስቶ ሄዷል

ደረቅ እንጨት አየር ስለያዘ ውሃው ወደ ላይ ይገፋዋል። በሊትር ግማሽ ኪሎ የሚመዝን 50 ኪሎ ደረቅ እንጨት 100 ሊትር ቦታ ስለሚይዝ ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ በ50 ኪሎ ጉልበት ይገፋል። ገና የተቆረጠና በሊትር 0.9 ኪሎ የሚመዝን እርጥብ እንጨት ከሆነ ግን ያው 50 ኪሎ የሚገፋው በ5.5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ኮንክሪቱም ቢሆን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቀላል። በሊትር 2.4 ኪሎ ስለሚመዝን ከክብደቱ 42 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ውጭ 16 ኪሎ የነበረ ብሎኬት ውሃ ውስጥ ከ9 ኪሎ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ያን ደረቅ እንጨት ለማስመጥ ብቻ 86 ኪሎ ኮንክሪት ሲያስፈልግ ለእርጥቡ 10 ኪሎ ይበቃል።

መፍትሄው እንጨቱን በተቆረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጣል፣ በስሌቱ ላይ ደግሞ ለማዕበልና ለውሃ ግፊት ቢያንስ ግማሽ ያህል መጨመር ነው። ሁለት ሜትር ለሚሆን ቅርንጫፋም ዛፍ ስሌቱ አነስተኛ ቢያሳይም ከሁለት ብሎኬት አትውረዱ። ከቀላል እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ብሎኬት ግን አያስተማምንም። ብሎኬቱን በሚንጠለጠል ሚዛን ላይ አስራችሁ በርሜል ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ንከሩትና ያኔ የሚታየውን ኪሎ ተጠቀሙ፤ ለስሌት የሚሆነው እሱ ብቻ ነው።

ክብደቱ ታች ቀርቶ ዛፉ ብቻውን ተንሳፈፈ

ማሰሪያው ተበጥሷል ወይም ሾልኳል። የቃጫ ገመድ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ውሃ እስኪጠጣ ላይቆይ ይችላል። ሽቦ በለስላሳ ግንድ ላይ ሲታሰር ደግሞ ልጣጩ ሲረግፍ ይላላና ይንሸራተታል። 3 ሚሊሜትር የሚሆን ዝገት የማይዘው ሽቦ ተጠቀሙ፤ ግንዱን ዙሪያውን አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቦርቡሩና ሽቦውን እዚያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ፤ ወይም ከቅርንጫፍ መንታ በላይ አሳልፉት።

የበለጠ የሚያስተማምነው ግንዱን ኮንክሪት ውስጥ መትከል ነው። በግንዱ ግርጌ አራት ረጃጅም ምስማሮች እስከ ግማሻቸው ምቱ፤ ቀሪው ግማሽ ወደ ውጭ ይቁም። ግንዱን 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ አቁሙና 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር ያለው ድብልቅ እስከ ግማሽ ሙሉበት። ይህ 24 ኪሎ፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ 14 ኪሎ ይሆናል። ምስማሮቹ የሚያስፈልጉት ግንዱ ሲደርቅ ስለሚኮማተርና ካልተያዘ ከኮንክሪቱ ተመዝዞ ስለሚወጣ ነው። ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ባለው ሳምንት ዛፉን በጥላ ሥር በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፤ አለበለዚያ እርጥብ ሆኖ የመጣው እንጨት በእጃችሁ ላይ ይደርቃል። ባልዲውን አውልቃችሁ ዛፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ፕላስቲኩ ሐይቅ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የለም።

በቦታው አለ፣ ዓሣ ግን የለም

ገና ጥቂት ቀናት ከሆነው ታገሡ። መጀመሪያ ልጣጩ ላይ አልጌና ተሕዋስያን ይበቅላሉ፣ ነፍሳትና ቀንድ አውጣዎች ይከተላሉ፣ ትናንሽ ዓሦች ለምግብና ለመሸሸጊያ ይመጣሉ፣ አዳኞቹ የሚመጡት ትንንሾቹን ብለው ነው። ውሃው ሞቃት ቢሆንም ይህ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል።

ከዚያም በኋላ ባዶ ከሆነ የሚጠረጠረው ጥልቀቱ ነው። ብዙ ሐይቆች በሞቃት ወራት ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሞቃቱ ውሃ ላይ፣ ቀዝቃዛው ታች ይቀራል፣ የታችኛውም ኦክስጅኑ እያለቀ ይሄዳል። እዚያ የወረደ ክምር የቱንም ያህል ቢያምር ዓሣ አይጠጋውም። ይህን ለማወቅ ክምሩን በጣላችሁ ቀን አንድ ክንድ የሚሆን ቅርንጫፍ በትንሽ ድንጋይና በራሱ ገመድ ከጎኑ አውርዱ። ከወር በኋላ ስባችሁ አውጡትና ተመልከቱት፤ አሽትቱትም። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልጋግ ከለበሰና ጥፍር ስታሳልፉበት እጭ ከተገኘበት ምግቡ አለ፤ ችግሩ ሌላ ነው። ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ግን ኦክስጅን የለም ማለት ነውና ክምሩን ወደ ላይ፣ ወደ ዳር አውጡት። ቴርሞሜትር ያለው በየሜትሩ አውርዶ ይለካ፤ በአንድ ሜትር ውስጥ 1 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሚወርድበት ቦታ ድንበሩ ስለሆነ የክምሩ ግርጌ ከዚያ በላይ ይሁን።

ብርሃንም ይለካል። ነጭ ሳህን በገመድ አውርዱ፤ ከዓይን በጠፋበት ጥልቀት ሁለት እጥፍ ገደማ ድረስ አልጌ ሊበቅል ይችላል። ሳህኑ በአንድ ሜትር ከጠፋ 6 ሜትር ላይ የተቀመጠ ክምር መሸሸጊያ እንጂ መኖ አይሆንም።

ጥልቀቱ ልክ ሆኖ ዓሣ ከሌለ አቀማመጡን እዩ። ሜዳ በሆነ ወለል መሃል የወደቀ ክምር በዓሣው መንገድ ላይ አይደለም። ወለሉ በድንገት የሚወርድበት ጠርዝ፣ ወደ ውሃው የገባ ምድር ጫፍ፣ ግድብ ከሆነም የድሮው ወንዝ መሄጃ አጠገብ ይሻላል። ትልልቆቹ ብቻ የሚጎድሉ ከሆነ ክምሩ ከመጠን በላይ ታጭቋል፤ ወፍራም ቅርንጫፎችን ከውጭ፣ ቀጫጭኑን ከውስጥ አድርጉና በዛፎቹ መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ።

ጭቃ ዋጠው ወይም ተጋደመ

ከመጣላችሁ በፊት ሁለት ኪሎ የሚሆን ድንጋይ በገመድ አውርዱ። ሲሳብ ጠልቆ ከተያዘና ጭቃ ለብሶ ከወጣ ወለሉ አይሸከምም፤ አሸዋ ወይም ጠጠር ያለበት ፈልጉ። ሌላ ምርጫ ከሌለ ሦስት ዛፎችን አናታቸው ላይ አንድ ላይ አስራችሁ ግርጌያቸውን አራርቁ። የተራራቀ እግር በጭቃም ላይ ይቆማል፤ በቀላሉም አይጋደምም።

በምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይ በቤኒን ሐይቆች፣ ቅርንጫፍን ጥልቀት በሌለው ውሃ ጭቃ ላይ የመትከል አካጃ የሚባል የቆየ ዘዴ አለ። ምርቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተተከለው እንጨት ውሃውን አዘግይቶ ደለል ስለሚያስቀምጥ ሐይቁን ይሞላል። ጠባብና ጥልቀት የሌለው ውሃ ያላችሁ ቁጥሩን አታብዙ።

ዓሦች ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ

ይህ አስቸኳይ ነው። አነስተኛ ኩሬ ውስጥ ቅጠሉ ያልተራገፈ ብዙ እርጥብ ቅርንጫፍ ሲገባ ቅጠሉ እየበሰበሰ ኦክስጅኑን ይበላል፤ ሌሊት አልጌውም ስለሚተነፍስ ንጋት ላይ ከሁሉም ይብሳል። የቅርብ ጊዜውን ክምር አውጡ፣ ውሃውን በፓምፕ ወደ ላይ እየረጩ አናፍሱ፣ ዓሦቹን መመገብ አቁሙ። ለሚቀጥለው ጊዜ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አራግፉ፤ የባሕር ዛፍ ከሆነ በተለይ።

መድኃኒት የተቀባ የመብራት ምሰሶ፣ ቀለም ያለበት እንጨት፣ ጎማና የዘይት በርሜል ጨርሶ አይገቡም። ቅንጭብና ብርብራም እንዲሁ፤ የቅንጭብ ወተት የብርብራም ፍሬ ዓሣ ይገድላሉ።

መንጠቆው ሁልጊዜ ይያዛል

ከጎን ወርውሮ መጎተት ለቅርንጫፍ አይሆንም። ጀልባውን ከክምሩ በላይ አቁሙና መስመሩን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ። አዲስ ስትሠሩ ከእርሳስ የቀጠኑትን ጫፎች ከላይኛው ግማሽ ላይ መልምሉ፤ ቀርከሃም ለስላሳ ስለሆነ መንጠቆ አይዝም፤ ግን አንጓዎቹ መሃል ያለውን ክፍት በመሰርሰሪያ ካልበሳችሁት ይንሳፈፋል።

ቦታው ጠፋ፣ ወይም ጀልባ ይመታዋል

ጂፒኤስ ከሌለ ከዳር የሚታዩ ሁለት ጥንድ ምልክቶች ምረጡ፤ ለምሳሌ አንድ ዛፍ ከኋላው ካለ ቤት ጋር ሲገጥም፣ ከሌላ አቅጣጫም አለት ከምሰሶ ጋር ሲገጥም። መስመሮቹ የሚቋረጡበት ክምሩ ነው። የክምሩ አናት ውሃው በዓመቱ ዝቅ ሲል ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ 2 ሜትር በታች ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት ውሃውን የሚያስተዳድረውን አካል አስፈቅዱ።

ሲጣልም አንድ በአንድ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ፣ ገመዱ በማንም እግር ዙሪያ አለመጠምጠሙ ታይቶ ነው። በአንድ ጎን ተከምሮ የተጫነ ብሎኬት ጀልባ ይገለብጣል።

በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር፣ አሁን ቀነሰ

ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ቀድሞ ይበሰብሳል፤ ግንዱ ብቻ ይቀራል። አሮጌውን አታውጡት፤ ጎኑ ላይ አዲስ ዛፍ ጨምሩ። እንጨቱ ደህና ሆኖ ዓሣው ከቀነሰ ግን የተጠመደበት ብዛት ነው። ክምር ዓሣን አንድ ቦታ ይሰበስባል እንጂ በአንድ ጊዜ አያበዛም፤ ስለዚህ በየቦታው ሦስት አራት ክምር ይኑራችሁና በፈረቃ አሳርፏቸው።