ሐዋሳ ላይ የቤት ፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ

ከመጸዳጃ ቤት ወደ ሴፕቲክ ታንክ (ደረቁ ቆሻሻ ወደሚዘቅጥበት ታንክ) የሚሄደው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ 2 በመቶ ተዳፋት ይኑረው፤ ማለትም በ10 ሜትር ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ውሃ በሞላ ግልጽ ጎማ ለኩ እንጂ በዓይን አትገምቱ። ተዳፋቱ ሲያንስ ውሃው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ደረቁ ቆሻሻ ይቀራል፣ መስመሩ ይዘጋል። መስመሩ በሚታጠፍበት ሁሉ ማንሆል (መስመሩ ተከፍቶ የሚጸዳበት ጉድጓድ) ይሠራ።

እዚህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሐይቁ አጠገብ ውሃው ቅርብ ነው፤ ከክረምት በኋላ ደግሞ ከፍ ይላል። ስለዚህ የማስረጊያ ጉድጓድ (ከሴፕቲክ ታንኩ የወጣው ፍሳሽ ወደ አፈር የሚሰርግበት) ከማሠራታችሁ በፊት መስከረም ላይ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃው የሚገኝበትን ጥልቀት ለኩ። የማስረጊያው ወለል ከዚያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ፍሳሹ በአፈር ሳይጣራ ጎረቤት ወደሚቀዳው ጉድጓድ ይዘልቃል። ቦታው ካልፈቀደ ማስረጊያውን ተዉት፤ ውሃ የማያሳልፍ ታንክ አሠርታችሁ በመምጠጫ መኪና አስመጥጡ።