ለተራራ ጉዞ የሚሆን ድንኳን፦ ችግርና መፍትሄ

ለስሜን ተራሮች ጉዞ አዲስ ድንኳን ከመግዛትዎ በፊት የቀድሞው ያስቸገርዎት በምርጫው ነው ወይስ በአተካከሉ? መጀመሪያ ይህን ይለዩ። የድንኳን መትከያ ቦታዎቹ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በበጋ ወራት ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል፤ ቆላ ላይ ምንም ያልሆነ ድንኳን እዚያ ጉዱ ይወጣል።

ጠዋት ውስጡ እርጥብ ነው

ሌሊቱን ካልዘነበ ድንኳኑ አላፈሰሰም። የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ቀዝቃዛውን የላይኛውን ሸራ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጠብታው ሸራውን ከውስጥ በኩል በሙሉ ካለበሰው ትንፋሽ ነው፤ ስፌት ስፌቱን ተከትሎ ወይም በአንድ ጥግ ብቻ ከታየ ፍሳሽ ነው።

ለትንፋሹ የአናቱን መተንፈሻ ይክፈቱ፤ የበሩን ዚፕም ከላይ አንድ ስንዝር ይተዉት። ብርድ ፈርቶ ሁሉንም መዝጋት ነው ነገሩን የሚያብሰው። የውስጡና የላይኛው ሸራ ከተነካኩ አውታሮቹን (ሸራውን ወደ ውጭ የሚስቡትን ገመዶች) ይወጥሩ። ሲገዙ ባለ ሁለት ሸራ ድርብ ድንኳን ይምረጡ፤ ነጠላው ቢቀልም ለዚህ ብርድ አይሆንም።

ለፍሳሹ የስፌት ማሸጊያ ቀብተው አንድ ቀን ያድርቁት። ሸራው በሲሊኮን የተለበጠ ከሆነ ግን ከሲሊኮን ማሸጊያ በቀር የሚይዘው የለም።

ከወለሉ ውሃ ይገባል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከስር የተነጠፈው ላስቲክ ነው። ከድንኳኑ ጠርዝ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ስር ይመራዋል። ዙሪያውን ከወለሉ 5 ሴ.ሜ. ወደ ውስጥ እንዲገባ አጥፈው ያንጥፉት።

ነፋስ ያጋድመዋል፣ ምሰሶው ይሰነጠቃል

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የፋይበርግላስ ምሰሶ ነው፤ ሲጎብጥ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው አውታሮቹ ከነጥቅላቸው መቅረታቸው ነው፤ ድንኳኑ በአራት የማዕዘን ካስማ ብቻ ይቆማል።

ጠባቡን ጎን ወደ ነፋሱ ያዙሩ፤ አውታሮቹን ሁሉ ዘርግተው ይወጥሩ። ካስማውን አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርገው ይምቱት። መሬቱ ካስማ አላስገባ ካለ አውታሩን ከትልቅ ድንጋይ ጋር ይቋጥሩ። ለተሰበረ ምሰሶ ከድንኳኑ ጋር የሚመጣውን አጭር ቱቦ ስብራቱ ላይ አጥልቀው ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ይጠቅልሉ። ቱቦ ከሌለ ካስማ እንደ ወጌሻ ቀርከሃ ደግፎ ይታሰርበታል።

ሲገዙ ቢያንስ ሁለት የሚጠላለፉ የአሉሚኒየም ምሰሶዎች ያሉት፣ ያለ ካስማም መቆም የሚችል ይሁን።

ይከብዳል፣ ወይም ይጠባል

ስሜን ላይ ዕቃው በበቅሎ ስለሚሄድ 3 ኪሎ ድንኳን አያስጨንቅም፤ ጥንካሬውን ያስቀድሙ። በጀርባ የሚሸከሙት ከሆነ ግን ለሁለት ሰው ከ2 ኪሎ ብዙ አይለፍ፤ አንዱ ሸራውን፣ ሌላው ምሰሶና ካስማውን ይያዝ።

«ለ2 ሰው» የሚለው ጽሑፍ ቦርሳን አይቆጥርም። ወለሉ 130 ሴ.ሜ. ስፋት ይኑረው፤ በእግር በኩል ስለሚጠብም እዚያ ይለኩ። ርዝመቱ ከቁመትዎ 30 ሴ.ሜ. ቢበልጥ የመኝታ ከረጢትዎ ግድግዳውን አይነካም።

ሸራው ይጣበቃል፣ ይሸታል

እርጥቡን ተጠቅልሎ ከርሞ ልባጡ ተበላሽቷል። ይህ ጥገና አያነሳውም፤ ምሰሶና ካስማውን ለመለዋወጫ ያስቀሩ።