«ሂ» ወይስ «ሺ»? ግራ ሲገባችሁ «ዘይ» በሉ

ሥራዬ ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ማረም ነው። ውል፣ መመሪያ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ሳላርመው የማላልፈው አንድ ነገር አለ፦ «ኢች ኢምፕሎዪ ማስት ሳይን ሂዝ ኮንትራክት» (እያንዳንዱ ሠራተኛ ውሉን መፈረም አለበት)። «ሂዝ» ማለት «የእሱ» ነው። ሠራተኛው ሁሉ ወንድ ነው እንዴ? ልትፈርም የተቀመጠች ሴት ይህን ስታነብ ጸሐፊው እንዳላሰባት ወዲያው ይገባታል።

«ሂዝ»ን አውጡና «ዜር» አስገቡ፤ «ዘይ» «እነሱ» ሲሆን «ዜር» ደግሞ «የእነሱ» ማለት ነው። በቃ። «ሂዝ ኦር ኸር» (የእሱ ወይም የእሷ) ማለትም ይቻላል፤ ግን ሲደጋገም አንባቢን ያደክማል። «ሂ»ም «ሺ»ም መባል የማይፈልጉ ሰዎችንም ውጭ ያስቀራል።

«ዘይ እኮ ለብዙ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱ ግን ለአንድ ሰው ማገልገል የጀመረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሼክስፒርም ጄን ኦስተንም ጽፈውበታል። «ሂ» ሴቷንም ያጠቃልላል የሚለው ደንብ የጠነከረው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ለሕግ ጽሑፎች ያጸደቀው በ1850 እ.ኤ.አ. ነው። ደግሞ እኛ «እሳቸው መጡ» ስንል ግሱ የብዙ፣ ሰውየው አንድ አይደሉም? ማን ግር ብሎት ያውቃል?

ተማሪ ከሆናችሁም አትስጉ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2019 ያወጣው 7ኛው የአጻጻፍ መመሪያ ነጠላውን «ዘይ» ይደግፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግሱ ላይ ነው። ሰው አንድ ቢሆንም «ዘይ አር» እንጂ «ዘይ ኢዝ» አይባልም። ስም ስትጠሩ ግን ወደ ነጠላው ተመለሱ፦ «አሌክስ ኢዝ ሂር። ዘይ አር ዌይቲንግ»።

አንድ ሰውና ቡድን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ተጠንቀቁ። «ዘ ማናጀር ሜት ዘ ቲም ቢፎር ዘይ ሌፍት» (ማናጀሩ ቡድኑን ያገኘው «ዘይ» ከመሄዳቸው በፊት ነው) ብትሉ የሄደው ማን ነው? ማናጀሩ ወይስ ቡድኑ? እዚህ ላይ «ዘይ»ን ተዉትና ስሙን ድገሙ። መመሪያ ስትጽፉ ደግሞ እኔ የምመርጠው «ዩ»ን (አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ) ነው። «ሳይን ዩር ኮንትራክት» አጭር ነው፤ ማንንም አይለይም።

«እኔን ዘይ በሉኝ» ያላችሁ ሰው ካለ እንደዚያው ጥሩ። አፋችሁ ካመለጣችሁ አርሙና ወሬያችሁን ቀጥሉ፤ የይቅርታ ጋጋታ ያን ሰው ይበልጥ ያሳቅቃል። ለማታውቁት ሰው ኢሜይል ስትልኩም ከስሙ ተነስታችሁ ጾታ አትገምቱ። «ዲር ሰር»ን ትታችሁ ከ«ዲር» ቀጥሎ ሙሉ ስም ጻፉ።