በደቡብ ስፔን መንደሮች ቤተ ክርስቲያን ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ደቡብ ስፔን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሴቪያን፣ ኮርዶባንና ግራናዳን ነው። የእኔ ልብ የቀረው ግን ትንንሾቹ መንደሮች ውስጥ ነው። ኖራ የተቀቡ ነጫጭ ቤቶች፣ ጠባብ ዳገት፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ግማሹን ሳላይ ተመለስኩ። እናንተም እንዳትቆጩ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምሳ በኋላ መድረስ

ከማላጋ በስተምሥራቅ ተራሮቹ ውስጥ አርቼስ የምትባል መንደር አለች። እዚያ የደረስኩት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነበር። በሩ ጥርቅም ብሏል። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ከምሳ በኋላ እስከ 11 ሰዓት ገደማ መንደሩ በሙሉ ያርፋል። የመንደር ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛም ቲኬት ቆራጭም የለውም፤ የሚከፈተው ለቅዳሴ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ የተለጠፈውን የቅዳሴ ሰዓት አንብቡና ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ካልሆነም አጠገቡ ካለው ቡና ቤት ገብታችሁ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። እኔን አንዲት እናት ሽርጣቸውን እንኳን ሳይፈቱ መጥተው ከፈቱልኝ። ቁልፉ ከመዳፌ ይረዝማል።

ማማውን ሳያዩ መግባት

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አርቼስ ላይ በሩ እስኪከፈት ስጠብቅ ቀና ብዬ ማማውን አየሁት። ከጡብ የተሠራ ነው። ጡቦቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ግድግዳው ላይ እንደ መረብ ያለ ጥልፍ ሠርተዋል። ደወል ተሰቅሎበታል፤ የተሠራው ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለመስጊድ ሚናራነት ነው። አዛን ይባልበት የነበረው ማማ ዛሬ የቅዳሴ ደወል ይደወልበታል። ጎረቤቷ ሳላሬስም እንዲሁ ነች።

ሮንዳ ከተማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገርማል። ሳን ሴባስቲያን የሚባለው ሚናራ መጀመሪያ የመስጊድ ነበር፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ሆነ። አሁን መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም የሉም፤ ማማው ብቻውን አደባባይ ላይ ቆሟል። ሮንዳ ከሙስሊሞች ወደ ክርስቲያኖቹ የካስቲያ ነገሥታት እጅ የገባችው በ1485 ነው። እዚያው ሳንታ ማሪያ ላ ማዮር ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ የድሮው መስጊድ ሚህራብ፣ ማለትም የስግደቱን አቅጣጫ የሚያሳየው ጎድጓዳ ግድግዳ፣ ቅስቱ አሁንም አለ። ብዙ ሰው ትልቁን መሠዊያ ለማየት ሲቸኩል ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። የጡብ ማማ ያዩ ሁሉ «ይሄ መስጊድ ነበር» ይላሉ። አይደለም! የክርስቲያን መንግሥት ከመጣ በኋላም ግንበኞቹና አናጢዎቹ ከሙስሊሞች የተወረሰውን ጥበብ ነው የቀጠሉት። ስልቱ ሙዴሃር ይባላል። ከመሠረቱ ቤተ ክርስቲያን ሆነው፣ ሚናራ የሚመስል ማማ ያላቸው ብዙ ናቸው።

ጣሪያውን አለማየት

አልፑሃራ በሚባለው ተራራማ አገር ከውጭ ሲታዩ ጎተራ የሚመስሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ግቡና አንገታችሁን ቀና አድርጉ። ጣሪያው እንጨት ነው፤ ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው ኮከብ በኮከብ ሆነዋል። ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ።

ቦባስትሮን ከላሊበላ ጋር ማወዳደር

ይሄ የእኛ ሰው ስህተት ነው። አርዳሌስ አካባቢ፣ ማላጋ አውራጃ ውስጥ፣ ቦባስትሮ በሚባል ቦታ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ ሲባል ሁላችንም ላሊበላን እናስባለን። ሄዳችሁ የምታዩት ግን ጣሪያ የሌለው፣ ግማሽ ግድግዳ ብቻ የቀረለት ዐለት ነው። አንድ ጓደኛዬ «ለዚህ ነው እንዴ ዳገቱን ያስወጣሽኝ?» ብሎ ተቆጣኝ። ታሪኩን ስነግረው ግን ዝም አለ። ኡመር ኢብን ሐፍሱን በኮርዶባ ሙስሊም ገዢዎች፣ በአሚሮቹ ላይ ያመፀ ሰው ነው። ቤተሰቡ ቀድሞ የሰለመ ነበር፤ እሱ በ899 ወደ ክርስትና ተመለሰ። ቦባስትሮ ምሽጉ ነበረች። እሱ በ918 ሞተ፣ ምሽጓም በ928 ወደቀች። ቅዱስ ላሊበላ ከመንገሡ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው። ሦስቱን ቅጥልጥል ክፍሎችና ዐለቱ ላይ የተቀረጹትን የፈረስ ኮቴ የሚመስሉ ቅስቶች ፈልጉ። ፀሐይ ሳይከር በጠዋት ውጡ።

የሚያብረቀርቀው ሁሉ ጥንታዊ ነው ብሎ ማሰብ

በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ በአንዳሉሲያ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ኡቤዳ ከተማ ያለውን የኤል ሳልቫዶር ጸሎት ቤት ውሰዱ። ፍራንሲስኮ ደ ሎስ ኮቦስ፣ የንጉሠ ነገሥት ካርሎስ ጸሐፊ፣ መቃብሩ እንዲሆን ነው ያሠራው። ሥራው በ1536 ተጀመረ፤ ዲዬጎ ደ ሲሎኤ ነደፈው፣ አንድሬስ ደ ቫንደልቪራ ገነባው። መሠዊያው ላይ ያለው ቅርጽ የደብረ ታቦርን ታሪክ የሚያሳይ የአሎንሶ ቤሩጌቴ ሥራ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ግን ተሰባብሮ፣ የተረፈው ዋናው የክርስቶስ ምስል ብቻ ነው። ሌላው በኋላ የታደሰ ነው። ይህን አውቃችሁ ስታዩት ዓይናችሁ ቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል።

በጎን ያለውን በር ማለፍ

ፕሪዬጎ ደ ኮርዶባ ከተማ፣ አሱንሲዮን ቤተ ክርስቲያን። ትልቁን አዳራሽ ዞሬ ልወጣ ስል በጎን በኩል ብርሃን አየሁ። ገባሁ። ስምንት ማዕዘን ክፍል ነው፣ ከላይ ጉልላት አለው፣ ሁሉም ነገር ነጭ ነው። ግድግዳው፣ ዓምዱ፣ ቅስቱ በሙሉ በጄሶ ቅርጽ ተሸፍኗል፤ ቅጠሉ፣ መላእክቱ፣ ጥቅልሉ እንደ ወተት አረፋ ነው። ከመስኮቶቹ የሚገባው ፀሐይ ሲንቀሳቀስ ጥላዎቹም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ፍራንሲስኮ ሃቪየር ፔድራሃስ በ1784 የጨረሰው የቅዱስ ቁርባን ማኖሪያ ነው። አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። በዚያ በር ሳልገባ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ አሁንም ይቆጨኝ ነበር።

ሥርዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው ማለት

ጫማ አይወለቅም። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ሰው ለቁርባን ሲሰለፍ ግን አብራችሁ አትሰለፉ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ማንም አይቀየማችሁም። በቅዳሴ ሰዓት ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ሰሙነ ሕማማትም ከእኛ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ለምሳሌ በ2026 የእነሱ ፋሲካ በፈረንጅ ኤፕሪል 5 ነው፣ የእኛ በሳምንቱ። በዚያ ሰሞን ምስሎቹ ለዑደት ከቦታቸው ወርደው በትልልቅ ቃሬዛ ላይ ይሆናሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ ረጋ ብላችሁ ለማየት ከሆነ ሌላ ጊዜ ምረጡ። በዚያ ሳምንት ከሄዳችሁ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ቁሙ። ተሸካሚዎቹ ያንን ከባድ ቃሬዛ በጠባቡ በር ሲያወጡ ጎንበስ ይላሉ፣ አንዳንዴ በጉልበታቸው ይሄዳሉ። አደባባዩ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ምስሉ በሩን ሳይነካ ሲወጣ ጭብጨባው ይፈነዳል።