ሽምብራ ቢጫ ሲሆን፦ መጀመሪያ ሥሩን ቆፍራችሁ እዩ

ውሃ አልተኛበትም፣ አረሙ ተነቅሏል፣ ግን ሽምብራው ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ እየገረጣ ነው? እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሥሩ ላይ ነው።

በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት ከማሳው ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ተክል በአካፋ አውጡ። እየጎተታችሁ አትንቀሉ፤ ኖዱሎቹ (ሥሩ ላይ ያሉት፣ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው ትንንሽ እብጠቶች) እየተበጠሱ አፈር ውስጥ ይቀሩና «ኖዱል የለውም» የሚል የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል። ሥሩን እጠቡና አንዱን ኖዱል በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየያዘ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ህያው ማዳበሪያው (ከዘሩ ጋር የሚታሸው፣ ባክቴሪያው ያለበት ዱቄት) ሳይዘራ ሞቷል፣ ወይም የሽምብራ አልነበረም።

የባቄላ፣ የአተርና የምስር ባክቴሪያ እርስ በርስ ይዋዋሳል፤ የሽምብራው ግን ራሱን የቻለ ነው። «ያው ጥራጥሬ ነው» ብሎ የባቄላውን የሚሸጥ ነጋዴ ገበሬውን ዓመት ያሳጣዋል። ፓኬቱ ላይ የሰብሉን ስምና የአገልግሎት ጊዜውን ሳታነቡ አትግዙ። ፀሐይ ላይ የተደረደረውንም ተዉት።

ባክቴሪያው ከሁሉም በላይ የሚሞትበት መንገድ ግን ይህ ነው፦ ዘሩ ጠዋት በትክክል ይታሻል፣ ማሳው ዳር ፀሐይ ላይ በላስቲክ ይዘረጋል፣ በሬ እስኪጠመድ እኩለ ቀን ይሆናል። በዚያ ሰዓት የሚዘራው ባክቴሪያው የሞተበት ዘር ነው።

ለ30 ኪሎ ዘር 300 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 30 ግራም ስኳር አሟሙ፤ ዘሩን አርሱበት፤ 125 ግራም ህያው ማዳበሪያ ነስንሳችሁ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪጠቁር በቀስታ እሹ። ይህ ሁሉ ጥላ ሥር ይሁን። የሚታሸው በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ የምትዘሩት ብቻ ነው፤ እርጥብ አፈር ላይ ዘርታችሁ ወዲያው አልብሱት። በፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘር ላይ አታድርጉት፤ ከዩሪያም ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ዩሪያ የበዛበት ሽምብራ ቅጠሉ ያምራል እንጂ ኖዱል አይሠራም።

ኖዱል ሳይዝ የቀረውን ሰብል በዚያው ወቅት በህያው ማዳበሪያ ማዳን አይቻልም። ከማበቡ በፊት፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነ፣ በሄክታር እስከ 50 ኪሎ ዩሪያ ይረዳዋል።

ኖዱሉ ቀይ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ግንዱን ከሥሩ በላይ ለሁለት ሰንጥቁ። መሃሉ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ካለ ፉሳሪየም የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ የታመመውን ተክል የሚያድን ርጭት የለም። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በቀጣዩ ጊዜ የሚቋቋም ዝርያ ዝሩ።

አበባው ፍሬ ሳይዝ ከረገፈ ብርድ ሊሆን ይችላል። ቆባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ትል ነው፤ ገና ትንሽ ሳለ ካልተረጨ መድኃኒቱ ብዙም አይበግረውም።